የሸዋሮቢትን በር ልዘጋ ወርጄ

ሰው “ምን ትሠሪያለሽ?” ሲለኝ “ቤተ መጻሕፍት ነው የምሠራው” እላለሁ። “ታድለሽ! ቁጭ ብለሽ ስታነቢ ትውያለሽ” ይለኛል። ማን ነግሮት! እኔ ያን ጊዜ መጽሐፍ በእጄ ሳልነካ ወር ጠብቄ ደመወዝ የምቀበል የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራዬ በር መሞከር ነበር። ነገሩን በአጭሩ ላስረዳችሁና አብረን ወደ ሸዋሮቢት እንወርዳለን።

ጆርናል ማለት ተመራማሪዎች የደረሱበትን ጽፈው የሚያወጡበት መጽሔት ነው። የወረቀቱ ጣጣ የለውም። በፖስታ ይመጣል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ የኛ ነው። በኮምፒውተር የሚነበበው ግን አንድም ነገር ወደ እጃችሁ አይገባም። ዩኒቨርሲቲዎች ተሰባስበው ከውጭ አሳታሚዎች ጋር ለዓመት ይዋዋላሉ፤ አሳታሚው የየግቢውን የኢንተርኔት አድራሻ ይዞ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ግቢ ሆኖ ለጠየቀ በሩ ይከፈታል፤ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ የጠየቀ “አላውቅህም” ይባላል። ውሉ ሲያልቅ፣ አድራሻ ሲቀየር ወይም አሳታሚው ሲከፋው በሩ ድምፅ ሳያሰማ ይዘጋል። ደውሎ የሚነግራችሁ የለም። ስለዚህ እኔ ጠዋት ጠዋት እየገባሁ የትኛው እንደተከፈተ፣ የትኛው እንደተዘጋ፣ ከየትኛው ዓመት ወዲህ ያለው እንደሚነበብ፣ ውሉ መቼ እንደሚታደስ እከታተል ነበር። ሱቅ ሱቁን እየዞረ ቁልፍ የሚነካካ ዘበኛ አይታችኋል? እኔ ያ ነበርኩ፤ ልዩነቱ እኔ ወንበር ነበረኝ።

ዩኒቨርሲቲው ደጋ ላይ ነው። ስሙ ይቅር። ቆላ ወርዶ ሸዋሮቢት ላይ አንድ ትንሽ የእርሻ ትምህርት ቅርንጫፍ ከፍቶ ነበር። ቅርንጫፉ ሲከፈት አድራሻው ከጆርናል ውላችን ውስጥ ይግባ ብዬ የተሟገትኩት እኔ ነኝ። አለቃዬ አቶ ግርማ “እፍኝ ለማትሞላ ኮምፒውተር?” ብለው ነበር። ተሟግቼ አሸነፍኩ። ሰው ተሟግቶ ያሸነፈበት ነገር በኋላ ሲበላሽ እንዴት እንደሚያቃጥል የደረሰበት ያውቀዋል።

ግንቦት ላይ ነው። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ሊያስረክቡ ጥቂት ቀርቷቸው ዓይናቸው ቀልቶ የሚዞሩበት ወቅት። ረቡዕ ጠዋት ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቤ፣ እጄን በሻይ ብርጭቆ እያሞቅኩ በሮቼን ስሞክር፣ የእርሻና የእንስሳት ጆርናሎችን የያዘው ትልቁ አሳታሚ “አይፈቀድም” አለኝ። እንደገና ሞከርኩ፤ አይፈቀድም። ወዲያው አንድ ተማሪ በሩን በርግዶ ገባ፤ ከኋላው ሌላ፤ ከኋላው ሌላ። ኢሜይሌን ከፈትኩ። መልእክቱ አጭርና ደረቅ ነበር። ከሸዋሮቢት ቅርንጫፋችሁ አድራሻ ከልክ ያለፈ ጽሑፍ ተወስዷል፤ የአንድ ዓመት ሙሉ ቅጽ ተጠርጎ ካለቀ በኋላ ወደሚቀጥለው ዓመት ይታለፋል፤ ይህ ከውሉ ውጭ ነው። እስከ ዓርብ የሥራ ሰዓት ማብቂያ ማን እንዳደረገውና ምን እንደተደረገ ካላስረዳችሁ የዩኒቨርሲቲው ውል በሙሉ ይቋረጣል።

አቶ ግርማ መልእክቱን ቆመው አነበቡት።

“አንቺ ነሽ ያስገባሻቸው” አሉኝ።

“አውቃለሁ።”

“እንግዲያው አንቺው አስወጫቸው። የሸዋሮቢትን አድራሻ ከውሉ ሰርዣለሁ ብለሽ ጻፊ። እኛ ይከፈትልናል፤ እነሱ ደግሞ የመማሪያ መጽሐፋቸውን ያንብቡ።”

“ሳላጣራ?”

“ምኑን ታጣሪያለሽ? አንዱ እየሸጠው ይሆናላ!”

“ሌባውን ካልያዝኩት ነገ እዚሁ ግቢ መጥቶ ይደግመዋል” አልኩ። ለሸዋሮቢት አዝኜ እንዳይመስላችሁ። ተናድጄ ነው። እኔ በር ስጠብቅ ከኋላዬ ገብቶ የሚዘርፈኝን ሰው ፊቱን ማየት ፈልጌ ነው። አቶ ግርማም “ሂጂ። ግን ዓርብ ከሰዓት አድራሻው ከውሉ ወጥቶ ላግኘው” አሉኝ። በዚህ ተስማማን። በሩን ልዘጋ፣ ሌባውንም ልይዝ ተነሣሁ።

ጣርማ በር ዋሻው ውስጥ ስንገባ ሚኒባሱ ውስጥ ጉም ገብቶ ሹራቤን እስከ አገጬ ቆልፌ ነበር። ደብረ ሲናን አልፈን ጠመዝማዛውን ወርደን ስንጨርስ አንዱን አወለቅኩ። ሸዋሮቢት መናኸሪያ ስደርስ ሁለተኛውን ማውለቅ ነበረብኝ፤ ግን መርማሪ ሹራቧን በክንዷ አንጠልጥላ ስትገባ ማን ይፈራታል ብዬ እንደለበስኩ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ቅርንጫፉ ደጃፍ ስደርስ ላቤ በጀርባዬ እየወረደ ነበር።

ቤተ መጻሕፍቱ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ሰፊ ክፍል ነው። ኮምፒውተሮቹ ጨርቅ ለብሰዋል። መብራት የለም። ኃላፊው ጋሽ ደምሴ ይባላሉ፤ ጠይም፣ ሳቂታ፣ ሸሚዛቸውን እስከ ሆዳቸው ድረስ የከፈቱ ሽማግሌ ናቸው።

“ከዋናው ግቢ ነው የመጣሁት” አልኩ ኮስተር ብዬ።

“በሞትኩት! ይህን ሁሉ ለብሰሽ? አውልቂው ልጄ፣ ትታፈኛለሽ።”

“ለምርመራ ነው የመጣሁት ጋሽ ደምሴ።”

“ምርመራው የትም አይሄድብሽም። መጀመሪያ ውሃ ጠጪ።”

ጠጣሁ። ሹራቤንም አወለቅኩ። መርማሪነቴ ከሹራቡ ጋር አብሮ የወለቀ መሰለኝ።

“እዚህ ብዙ ጽሑፍ የሚያወርድ ሰው አለ?” አልኳቸው።

“አለ እንጂ!”

“ማን ነው?” አልኩ እስክሪብቶዬን አውጥቼ።

“ሁላችንም።”

“በብዛት የሚያወርደውን ማለቴ ነው።”

“ሁላችንም በብዛት ነው የምናወርደው” አሉኝ፤ ፊታቸው ላይ የኩራት ፈገግታ ነበር። ሽማግሌው ሌባውን እየሸፈኑ ነው አልኩ። አሳታሚው የላከልኝን ዝርዝር አወጣሁና ከፊታቸው ዘረጋሁት። አወራረዱ የሰው አይመስልም። አንዱ ኮምፒውተር ከጥር ጀምሮ ሲጠርግ፣ ሌላው በዚያው ሰዓት ከሚያዝያ፣ ሌላው ከሐምሌ ጀምሮ ይጠርጋል። ሽንኩርት፣ ማሾ፣ ፍየል፣ ማንጎ። ይህስ ይሁን። ግን የውቅያኖስ ዓሣ እርባታም አብሮ ተጠርጓል። ከባሕር ስንት አገር ርቆ ያለ ሰው የውቅያኖስ ዓሣ ምን ያደርግለታል? ካልሸጠው በቀር!

“መብራት ሲመጣ ሁሉንም ታይዋለሽ” አሉኝ ጋሽ ደምሴ። “መቼ ይመጣል?” አልኩ። ወደ ላይ አዩ፤ እጃቸውንም ዘረጉ።

ሐሙስ ሙሉ ቀን መብራት አልመጣም። እኔ ግን ሌባዬን አገኘሁ፤ ወይም ያገኘሁ መሰለኝ። አንሻ ትባላለች። የሰብል ትምህርት መምህርት ናት፤ በኔ ዕድሜ፣ ፈጣን፣ ሻሿን ወደ ኋላ አስራ ስትራመድ አቧራው የሚከተላት። አንዲት ጥቁር ማከማቻ ዲስክ ከእሷ አትለይም። ቡና ቤት ስትቀመጥ ጠረጴዛው ላይ፣ ክፍል ስትገባ እጇ ላይ ናት።

“ይህች ምንድን ናት?” አልኳት፤ እንደ ዋዛ።

“ጎተራችን ናታ! ዓመት ሙሉ የሰበሰብነው እዚህ አለ” አለችኝ። ደስ ብሏት ነው የነገረችኝ። እንዲህ ዓይነት ደፋር ሌባ አይቼ አላውቅም። ዛሬውኑ ለአቶ ግርማ ልደውል ብዬ ስልኬን ሳወጣ ባትሪው አልቋል። ምሳ ሰዓት ሆነ። “ቤት እንሂድ” አለችኝ። ከተጠርጣሪ ጋር አልበላም ብዬ በልቤ ወሰንኩ። እናቷ ገበታውን ሲያቀርቡ ደግሞ ውሳኔዬን አሻሻልኩ፤ “ወላሂ ካልደገምሽ!” እያሉኝ እየማሉ ሦስቴ አጎረሱኝ። ሆዴን ይዤ ስወጣ ንዴቴ እንደ ጠዋቱ አልቆመልኝ አለ።

ዓርብ ጠዋት ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ቀኑ የመጨረሻዬ ነው። ማስረጃ ባገኝም ባላገኝም ከሰዓት አድራሻውን መሰረዝ አለብኝ። ጋሽ ደምሴ መጽሐፍ ይሰፋሉ። ግቢው ጸጥ ብሏል። ድንገት ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ዞር አለ።

“መጣ!” አሉ ጋሽ ደምሴ። ያ ሽማግሌ ሰው ከወንበራቸው እንዴት እንደተነሡ አላየሁም። በሩ ላይ ቆመው “መጣ! መጣ!” እያሉ ጮኹ። ከግቢው ማዶ ሌላ ድምፅ “መጣ!” ብሎ ተቀበላቸው፤ ከወጥ ቤቱ ሌላ። ከዚያ ሰው ጎረፈ። አንሻ ጠመኔዋን እንደያዘች፣ ክፍል ውስጥ የነበሩት ተማሪዎች ከኋላዋ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ እጇን በሽርጧ እየጠራረገች፣ የበር ዘበኛው ዱላውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ። የኮምፒውተሮቹ ጨርቆች ተገፈፉ። እያንዳንዱ ሰው ቦታውን ያውቃል።

“ጥርን ማን ያዘ?”

“እኔ!”

“ሚያዝያ ያንተ ነው። ሐምሌ ያንቺ። ያኛው ምንጭ ደርቋል፣ ተዉት፤ በዚህኛው ግቡ!”

ደርቋል የተባለው የዘጋብን አሳታሚ ነው። አሁን ወደ ሁለተኛው እየገቡ ነው! እኔ አፌን ከፍቼ ቆሜ ሳለሁ አንሻ በትከሻዬ ያዘችና ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። “መስኪ፣ እጅሽ ባዶ ነው፤ አንቺ ጥቅምትን ያዢ። እዚህ ላይ ጫኚ፣ አስቀምጪ፣ ወደሚቀጥለው እለፊ፣ አታንብቢ፣ ቶሎ!” ሰው እንዲህ አጥብቆ ሲያዝዝ እጅ ቀድሞ ይታዘዛል። አንዱን አወረድኩ። ሁለተኛውን አወረድኩ። ሦስተኛው ላይ እኔ ማን እንደሆንኩ ትዝ አለኝ።

ከወንበሬ ዘልዬ ተነሣሁና የሁሉንም መስመር የያዘውን ሶኬት ከግድግዳው ነቀልኩት።

ማራገቢያው ብቻ ሲዞር ይሰማል። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ሠርግ ቤት ገብቼ ድስት የደፋሁ ነው የመሰለኝ።

“ምነው ልጄ?” አሉ ጋሽ ደምሴ። “ስንት ቀን ጠብቀነው ሲመጣ ትነቅይዋለሽ?”

“ውሉን እያፈረሳችሁ ነው! ዋናው ግቢ ተዘግቷል! በናንተ ምክንያት ተማሪ ሁሉ እያለቀሰ ነው!” ብዬ ጮህኩ። ከዚያም አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ጽሑፉ ሲወርድ አሳታሚው እንደሚያይ፣ ማን ስንት እንደወሰደ እንደሚቆጥር፣ ሰው የሚያነበውን እንዲወስድ እንጂ ቅጹን ጠርጎ እንዲወስድ ውሉ እንደማይፈቅድ።

“ይቆጥራሉ እንዴ?” አለ ዘበኛው፤ የምሩን ደንግጦ።

“ዩኒቨርሲቲው ገንዘብ ከፍሎበታል አሉን” አሉ ጋሽ ደምሴ። “የተከፈለበት ነገር ደጃችን መጥቶ ሳንወስደው ቢቀር ነውር ነው ብለን እኮ ነው። እዚህ አገር ውሃ ሲመጣ ማን መርጦ ይቀዳል? ባልዲው ይሞላል፣ ጀሪካኑ ይሞላል፣ ድስቱም ይሞላል። መቼ እንደሚመለስ አታውቂማ።”

“የውቅያኖስ ዓሣውስ?”

“እሱን እኔ ነኝ” አለች የጽዳት ሠራተኛዋ እጇን አውጥታ። “እንግሊዝኛ አላውቅም፤ ጥር ያዢ ሲሉኝ ያገኘሁትን ጥር ያዝኩ።”

መሳቅ አልነበረብኝም። ግን ከየት እንደመጣ የማላውቀው ሳቅ አፈነኝና ቁጭ ብዬ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። እነሱም አብረውኝ ሳቁ። ያን ሁሉ ርቀት ሌባ ልይዝ ወርጄ ዕድር ይዤ አረፍኩት!

ያልሳቀችው አንሻ ብቻ ነበረች። ሳቁ ሲበርድ “በሩ ሊዘጋብን ነው?” አለችኝ።

“ለናንተ፣ አዎ። ዛሬ።”

ላፕቶፕዋን አነሣችና “ነይ፣ አንድ ሰው ላሳይሽ፤ ከዚያ ትዘጊዋለሽ” አለች።

ከግቢው ጀርባ የወንዙን ውሃ በቦይ እየጠለፉ ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ። ጋሽ ይመር የሚባሉ ሰው ሽንኩርታቸው መሐል ቆመው ይጠብቋት ኖሯል። ቅጠሉ ከጫፉ እየደረቀ፣ መሐሉ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ እያወጣ ይወድቃል። አንሻ ቦዩ ዳር ተቀምጣ ላፕቶፕዋን ከፈተችና ካጠራቀመችው ውስጥ ፈልጋ አንድ ፎቶግራፍ አወጣች። ጋሽ ይመር አንድ ቅጠል ቆርጠው ስክሪኑ አጠገብ አስጠጉት። ያው ራሱ ነው።

“የኔን ሽንኩርት ማን ፎቶ አነሣው?” አሉ።

“የሌላ አገር ሽንኩርት ነው ጋሼ። በሽታው አንድ ነው። ማታ ማታ ስለሚያጠጡት እርጥበቱ ቅጠሉ ላይ ያድራል። በጠዋት ያጠጡት፤ የታመመውን ነቅለው ከማሳው ያርቁት፤ እዚሁ መሬት ላይ ዘንድሮ ሽንኩርት አይድገሙበት፤ ማሾ ይዝሩበት።”

“ኢንሻአላህ” አሉና ወደ ቦያቸው ሄዱ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ ምንም አልሆነም። እኔ ግን እግሬ ከዚያ ቦይ ዳር አልነቀል አለኝ። ዓመት ሙሉ በር ስሞክር በሩን አልፎ የገባ ሰው ምን እንደሚያደርግ አንድም ቀን አይቼ አላውቅም ነበር። ያለ ኀፍረት ልናገር፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

“አልዘጋውም” አልኳት።

“አለቃሽስ?”

“እሱን ለኔ ተዪው” አልኩ፤ ምን እንደማደርግ ግን አላውቅም ነበር።

መፍትሔው የመጣልኝ ቤተ መጻሕፍቱ ስንመለስ መብራቱ እንደገና ሄዶ ስላገኘነው ነው። ለአሳታሚው መጻፍ አለብኝ፤ የላፕቶፑ ባትሪ ሊያልቅ ነው፤ ሰዓቱም እየገፋ ነው። “ጀውሃ እንሂድ፤ ከባድ መኪኖች የሚቆሙበት ጄኔሬተር ያለው ምግብ ቤት አለ” አለች አንሻ። ሚኒባስ ተሳፈርን። ገና ሳንነሣ አንዲት ሴት በመስኮት ለረዳቱ አንድ ትንሽ እሽግ አቀበለችው። “አጣዬ መናኸሪያ እህቴ ትጠብቅሃለች፤ አደራ።” ረዳቱ ሳያያት ኪሱ ከተታት። ያን ጊዜ በራልኝ። ውሉን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ወደ ሌላው ግቢ፣ አንባቢ ለይቶ የጠየቀውን ጽሑፍ መላክ ይፈቀዳል። ሸዋሮቢቶች መብራት ሲመጣ ርእሱንና አጭር መግለጫውን ብቻ አይተው የሚፈልጉትን ይምረጡ፤ ያ ለማንም ክፍት ነው። እኔ ደጋው ላይ፣ መስመር በማይቋረጥበት፣ የመረጡትን ብቻ አወርድና በፍላሽ አድርጌ በሚኒባስ እሰድላቸዋለሁ። ጥሎብኝ መኪናው ውስጥ ጮክ ብዬ “በፍላሽ!” አልኩ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ጀውሃ ምግብ ቤቱ በሾፌሮች ተጨናንቋል። ጄኔሬተሩ ያጓራል። ሶኬቱ ያለው ከባለቤቷ ገንዘብ መቀበያ አጠገብ ስለሆነ ስልኬንም ሰክቼ እዚያው ቆሜ መጻፍ ጀመርኩ። አንድ ወፍራም ሾፌር ጥብሱን ይዞ መጣና አንገቱን አስግጎ “ለማን ነው?” አለኝ። ነገርኩት። በአንድ አፍታ ጉዳዩ የቤቱ ሁሉ ጉዳይ ሆነ።

“‘አስፈላጊው እርምጃ ተወስዷል’ በይው፤ ይበቃዋል” አለ አንዱ።

“ኧረ ባክህ! እውነቱን ንገሪው። እኔ ትራፊክ ሲያስቆመኝ እውነቱን ነው የምናገረው” አለ ወፍራሙ።

“አንተ?” ብሎ ቤቱ ሳቀ።

እውነቱን ጻፍኩ። ሌባ ፍለጋ እንደወረድኩ፣ ያገኘሁት መብራት ሲመጣ እየተጠራራ የሚሞላ ግቢ እንደሆነ፣ ውሃ በሸዋሮቢት እንዴት እንደሚቀዳ፣ የዓሣው ቅጽ በማን እንደወረደና ለምን፣ የጋሽ ይመርን ሽንኩርት። ከእንግዲህ በሚኒባስ የሚሄደውን ፍላሽም ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ “የሸዋሮቢትን አድራሻ እንድሰርዝ ታዝዤ ነበር፤ አልሰረዝኩትም፤ እንዳትሰርዙት እለምናለሁ” አልኩ። የአንሻን የኢንተርኔት ሞደም ሰካን። ምልክቱ መዞር ጀመረ። ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ። ሾፌሮቹ ወሬያቸውን ትተው ማየት ጀመሩ። ባለቤቷ “ጄኔሬተሩን እንዳትነኩ!” ብላ ወደ ጓዳ ጮኸች። “ተልኳል” ሲል ቤቱ በጭብጨባ ቀለጠ፤ ወፍራሙ ሾፌር የኔንና የአንሻን ሒሳብ ከራሱ ጋር ከፍሎ ወጣ።

አቶ ግርማ ሲደውሉ ገና አስፋልቱ ዳር ቆመን ነበር።

“አስወጣሻቸው?”

“አላስወጣሁም። ደብዳቤ ጻፍኩ።”

“ምን ብለሽ?”

“ውሃ ሲመጣ እንደሚሞሉ...”

“ለፈረንጅ? ስለ ጀሪካን?” አሉ ቀስ ብለው። “ሰኞ ቢሮዬ እንገናኝ መስከረም። ውሉ ከተሰረዘ ያንቺም ወንበር አብሮ ነው የሚሰረዘው።”

ቅዳሜና እሑድ እንዴት እንዳለፉ አትጠይቁኝ። ሰኞ ጠዋት አቶ ግርማ ከኋላዬ ቆመው ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። መልሱ ገብቷል። ለሁለቱም ግቢ በሩ ተከፍቷል፤ ያቀረብኩት አሠራር ተቀባይነት አግኝቷል። ከታች ከአሳታሚው ዘንድ መልሱን የጻፈችው ሴት ከራሷ የጨመረችው ነበረበት፤ “እንዲህ ዓይነት ማስጠንቀቂያ ስንልክ ሁልጊዜ የሚመጣልን መልስ ‘እርምጃ ተወስዷል’ የሚል ብቻ ነው። ማን እንደሆነና ለምን እንደሆነ የነገረን ሰው አልነበረም። ለሽንኩርቱ ባለቤት መልካም ምርት።” አቶ ግርማ ሁለቴ አነበቡት። “ዕድለኛ ነሽ” ብለው ወጡ። እኔ በሩን ዘግቼ ብቻዬን ጨፈርኩ።

የሚኒባሱ ፍላሽ ሥራ ጀመረ። ሸዋሮቢቶች መርጠው ይልካሉ፣ እኔ አውርጄ እሰዳለሁ፣ ረዳቱ ኪሱ ይከታል። ጨዋ ሆኑ፤ በጣም ጨዋ። ነገር ግን በሚቀጥለው ዓመት ውሉ የሚታደስበት ጊዜ ሲደርስ ጨዋነታቸው መልሶ እነሱኑ ጠለፈ። ከየግቢው የተነበበው ቁጥር ሲመጣ የሸዋሮቢት ወርዷል። ጽሑፉን የማወርደው እኔ ስለሆንኩ ንባባቸው ሁሉ በደጋው ስም ተቆጥሯል! አቶ ግርማ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አደረጉና “ይኸው፣ አያነቡም። ዘንድሮ ይውጡ” አሉኝ።

መጀመሪያ ሰረቁ ተብሎ ሊዘጋ፣ አሁን አልወሰዱም ተብሎ ሊዘጋ! በቁጥሩ ላይ ልከራከር አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ መለስኩት። እኔም ቁጥር ይዤ ነበር ሌባ ልይዝ የወረድኩት። “እንሂድና ይዩት” አልኳቸው። እንቢ አሉ። በየቀኑ ጠየቅኳቸው። በመጨረሻ አፌን ለመዝጋት ብለው መጡ፤ ካፖርታቸውን ለብሰው። ጋሽ ደምሴ ገና ከበሩ ተቀብለው አስወለቋቸው።

አንሻ ማሳ ላይ ነበረች፤ ወሰድኳቸው። ጋሽ ይመር ቦይ እየጠረጉ ነው። አቶ ግርማ መዞር የማይወዱ ሰው ናቸው፤ ቀጥ ብለው ጠየቋቸው።

“አባት፣ ይህች ልጅ ጆርናል የምትለው ነገር ለእርስዎ ምን ይሠራልዎታል?”

“እኔ እንኳ ማንበብ አልችልም” አሉ ጋሽ ይመር አካፋቸውን ተደግፈው። “ድሮ ሰብሌ ሲታመም ይዤ ስመጣ አንሻ ‘እንጃ ጋሼ’ ነበር የምትለኝ። አሁን ‘ለዓርብ እነግርዎታለሁ’ ትለኛለች። ዓርብም ትነግረኛለች።”

አቶ ግርማ መሐረባቸውን አውጥተው ፊታቸውን ጠረጉ። ላብ ነው አሉ። እዚያው ቦዩ ዳር ቆመው እስክሪብቶ ጠየቁኝ፤ የእድሳቱ ወረቀት ከኔ ጋር ነበር፣ በጉልበታቸው ላይ አድርገው ፈረሙ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ መቼም ከእናንተ መሐል ቁጥር እያየ በር የሚከፍትና የሚዘጋ አይጠፋም። ቁጥሩ ሲበዛ “ሌባ” አትበሉ፤ ሲያንስም “ሰነፍ” አትበሉ። ሹራባችሁን ቢሮ ትታችሁ ውረዱ። እኔ ወርጄ ልዘጋው የነበረውን በር ክፍት አድርጌ ተመለስኩ፤ ከዚያ ዓመት በኋላ ደግሞ ጭራሽ ዝውውር ጠይቄ ሸዋሮቢት ገባሁ። አሁን ረዳቱ ከደጋው የሚላከውን ፍላሽ የሚያቀብለው ለኔ ነው፤ ዓርብ ሳይደርስ ለአንሻ አደርሳለሁ።